የማይደገፍ የኔትዎርክ አድራሻ ሲገባ ፕሮግራማችሁ ምን ይበል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ለሱቅ፣ ለፋርማሲ፣ ለቡና መጋዘን ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆች እየበዛችሁ ነው። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ተመርቃችሁ የወጣችሁም አላችሁ፣ ራሳችሁን አስተምራችሁ የገባችሁበትም አላችሁ። ይህ ገጽ ለእናንተ ነው። የሚያነሳውም አንድ ነገር ነው፦ ተጠቃሚው ፕሮግራማችሁ የማይቀበለውን ዓይነት አድራሻ ሲያስገባ ምን ትሉታላችሁ?

እኔ መሣሪያ ከሚተክሉት ወገን ነኝ። መልእክታችሁን የማነበው ስክሪኑ ፊት ቆሜ ነው፤ ወይም ደግሞ ሰው በስልክ እያነበበልኝ ነው። የምጽፈውም ከዚያ በኩል ሆኜ ነው።

«አድራሻው ትክክል አይደለም» ማለት አይበቃም?

አይበቃም። ይህ ዓረፍተ ነገር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይጨፈልቃል። አንደኛ፣ ተጠቃሚው ሲጽፍ ተሳስቷል፤ ለምሳሌ 192.168.1.300 ብሏል (300 ከሚፈቀደው ይበልጣል)። ሁለተኛ፣ የጻፈው ልክ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ያንን ዓይነት አድራሻ አይቀበልም። ሦስተኛ፣ አድራሻውም ልክ ነው፣ ዓይነቱም ይደገፋል፤ ግን እዚያ አድራሻ ላይ የሚመልስ መሣሪያ የለም።

የሦስቱ መፍትሔ ለየቅል ነው። በመጀመሪያው ተጠቃሚው ያስተካክላል። በሦስተኛው ኬብልና መብራት ይታያል። ሁለተኛው ነው ሰው የሚያንገላታው። ሰውየው ልክ ጽፎ ሳለ «ትክክል አይደለም» ሲባል ራሱን ይጠራጠራል። ያጠፋል፣ ደግሞ ይጽፋል። ኬብል ይነቅላል፣ ራውተር ያጠፋል ያበራል። ከአጋሮ ደውሎ «ኔትዎርኩ ተበላሽቷል» ይላል። ቴክኒሻኑ ከጅማ ሚኒባስ ይዞ ይሄዳል። ደርሶ ሲያየው ኔትዎርኩ ደህና ነው። የገባው አይፒቪ6 የሚባለው አዲሱ የአድራሻ ዓይነት ነው፤ ፕሮግራሙ እሱን አለመቀበሉን ቢናገር ኖሮ ነገሩ በስልክ ያልቅ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህችን ውሰዱ፦ «ተሳስተሃል» እና «እኛ አንደግፍም» የተለያዩ መልእክቶች ይሁኑ። ጉድለቱ የፕሮግራሙ ሲሆን ፕሮግራሙ ራሱ ይናገር።

ኮዱ ሁለቱን እንዴት ይለያል?

ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ቀድሞውኑ እጃችሁ ላይ አለ፤ የጣላችሁት እናንተ ናችሁ። በሲ ቋንቋ አድራሻን ከጽሑፍ ወደ ባይት የሚቀይረውን ኢኔት-ፒቶን (inet_pton) የሚባለውን ፋንክሽን ተመልከቱ። ከተሳካለት 1 ይመልሳል። ጽሑፉ ለጠየቃችሁት የአድራሻ ቤተሰብ (አይፒቪ4 ወይም አይፒቪ6) የማይሆን ከሆነ 0 ይመልሳል። የአድራሻ ቤተሰቡን ራሱን ካላወቀ ደግሞ -1። ብዙ ኮድ ግን «1 ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ብቻ ይጠይቅና የቀረውን አንድ መልእክት ውስጥ ይከታል።

ይበልጥ የሚጠቅመው ዘዴ ይኸው ነው። ፕሮግራማችሁ አይፒቪ4 ብቻ (እንደ 192.168.1.10 ያለውን የቆየውን ዓይነት) ቢቀበልም፣ አይፒቪ4 ሆኖ ያልተነበበውን ጽሑፍ በአይፒቪ6 ሞክሩት። ከተነበበ፣ ሰውየው ልክ ጽፏል ማለት ነው፤ እናንተ ናችሁ የማትደግፉት። በአይፒቪ6ም ካልተነበበ ያን ጊዜ ሌሎቹን ጠይቁ፦ ፖርት (መሣሪያው ላይ የትኛው አገልግሎት እንደሚፈለግ የሚናገር ቁጥር፣ እንደ :9100) ተለጥፎበታል? /24 የሚል ሰብኔት (የኔትዎርኩን ክልል የሚያሳይ ምልክት) አለው? ሁለት ሁለት ሆነው የተጻፉ ስድስት ጥንዶች ያሉት ማክ አድራሻ (የኔትዎርክ ካርዱ የራሱ መለያ) ነው? ሙሉ የድረ ገጽ ሊንክ ነው? ለመደገፍ ሳይሆን ለይቶ በስሙ ለመጥራት ብቻ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃል። «የጻፉት የማክ አድራሻ ነው፤ እዚህ የሚያስፈልገው አይፒ አድራሻ ነው» የሚል መልእክት ያየ ሰው ሁለተኛ አይደውልም።

እዚህ አገር ሁሉም የሚጠቀመው 192.168 ነው። አይፒቪ6 ከየት ይመጣል?

ከራሱ ከኮምፒውተሩ። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ፣ አይፒቪ6 በርቶ ነው የሚመጣው። አንድ ሰው የጎረቤት ኮምፒውተርን በስሙ ፒንግ ሲያደርግ (ይመልስ እንደሆነ ሲሞክር) መልሱ በአይፒቪ6 ሊመጣለት ይችላል። ያየውን ኮፒ አድርጎ እናንተ ሳጥን ውስጥ ይለጥፋል። ምንም አላጠፋም።

እንዲህ ያለው አድራሻ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ %12 ወይም ሌላ ቁጥር ይከተለዋል። ቁጥሩ የትኛው የኔትዎርክ ካርድ እንደሆነ ይጠቁማል፤ ትርጉም ያለውም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ይህን ለይታችሁ «% እና ከሱ በኋላ ያለው ቁጥር ከተቀዳበት ኮምፒውተር ውጭ አይሠራም» ብትሉ ትልቅ ውለታ ነው።

ሰፋ አድርገን ካየነው ደግሞ የአይፒቪ4 አድራሻ 32 ቢት ብቻ ነው። ሁሉም ቢደመር ከ4.3 ቢሊዮን አይበልጥም። ዓለም አቀፉ የጋራ ክምችት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2011 ላይ አልቋል። ለአፍሪካ የሚያከፋፍለው አፍሪኒክም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2020 ላይ ወደ መጨረሻው የቁጠባ ምዕራፍ ገብቷል። አይፒቪ6 128 ቢት ነው፤ የመጀመሪያ መግለጫውም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አዲስ ነገር ነው የምንልበት ጊዜ አልፏል።

የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ሲቀር ምን ይፈጠራል?

ይህን ጥያቄ የውጭ መመሪያዎች ውስጥ አታገኙትም። ለእኛ ግን ዋና ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ተጠቃሚው በአማርኛ የደንበኛ ስም ሲጽፍ ቆይቶ ወደ አድራሻው ሳጥን ይመጣል። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ይረሳል። ያው የሁለት ነጥብ ቁልፍ አሁን «:» ሳይሆን «፡» ሊያወጣ ይችላል። በዓይን ሲታዩ መንታ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን የመጀመሪያው ቁጥር 58 ነው፣ ሁለተኛው 4961። ሁለት ጊዜ ሲመታ ደግሞ አንዳንድ ኪቦርድ «።» አድርጎ ያገናኘዋል፤ እሱ 4962 ነው። ስለዚህ ::1 (ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት የአይፒቪ6 አድራሻ) ብሎ የጻፈ ሰው «።1» ሆኖበት ያገኘዋል።

እንግዲህ ፕሮግራማችሁ «192.168.1.10፡9100 ትክክል አይደለም» ሲል አስቡት። ሰውየው ያያል። አድራሻው ልክ ነው፣ ለፕሪንተር የተለመደው ፖርት 9100ም ልክ ነው። አሥር ጊዜ ቢያነበው ልዩነቱን አያገኘውም። መልእክቱ የግድ ቦታውንና ፊደሉን መጥቀስ አለበት፦

«ከ192.168.1.10 ቀጥሎ ያለው ምልክት የአማርኛ ሁለት ነጥብ ነው። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይረው ምልክቱን እንደገና ይጻፉ።»

ፕሮግራሙ ራሱ ለምን አያስተካክለውም ትሉ ይሆናል። ለ«፡» ማስተካከል ይቻላል፤ «:» ከመሆን ሌላ ትርጉም የለውም። ተስተካክሎ የተቀመጠውን አድራሻ መልሳችሁ እስካሳያችሁት ድረስ እኔ አልቃወምም። ለ«።» ግን አትገምቱ። አንዱ :: ለማለት ፈልጎ ነው። ሌላው ግን ነጥብ ሁሉ አራት ነጥብ ሆኖበት 192።168።1።10 ብሎ ጽፏል። ሁለቱ የተለያየ አድራሻ ይሆናሉ። እዚህ ላይ ጠይቁ እንጂ አትወስኑ።

ከቴሌግራም ተገልብጦ የሚመጣ አድራሻም ጣጣ አለው። ከፊትና ከኋላ ክፍተት ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዴም በዓይን የማይታይ ምልክት ይለጠፍበታል። ከዳርና ከዳር ያለውን ዝም ብላችሁ ቁረጡት፤ ለዚህ መልእክት አያስፈልግም። መሀል ላይ ያለውን ግን ተናገሩ።

192.168.001.010 ብሎ የጻፈ ሰው ምን ይባላል?

አንዳንድ የካሜራ መቅጃዎች አድራሻን በስክሪናቸው ላይ እንዲህ በዜሮ ሞልተው ያሳያሉ። ሰው ያየውን ይገለብጣል። አደጋው እዚህ ነው፦ አሮጌው የሲ ፋንክሽን፣ ኢኔት-አቶን (inet_aton) የሚባለው፣ በዜሮ የሚጀምርን ቁጥር መሠረቱ 8 በሆነ አቆጣጠር ነው የሚያነበው። 010 ለእሱ አሥር ሳይሆን ስምንት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ወደ 192.168.1.8 ይሄዳል። ምንም ስህተት አይታይም፤ የሚገናኘው ግን ከሌላ መሣሪያ ጋር ነው፣ ወይም ከማንም ጋር አይገናኝም።

ይህ የደኅንነት ቀዳዳም ሆኖ ተገኝቷል። አንዱ ፕሮግራም አድራሻውን እንደ አሥር አንብቦ ይፈቅዳል፤ ሌላው እንደ ስምንት አንብቦ ይገናኛል። በዚህ ምክንያት ፓይተን ከ3.9.5 ጀምሮ፣ ጎ ደግሞ ከ1.17 ጀምሮ፣ በዜሮ የሚጀምር ክፍል ያለውን አድራሻ አንቀበልም ብለዋል። እናንተም አትቀበሉ። ግን ምክንያቱን ንገሩ፦ «010 በዜሮ መጀመር የለበትም። አሥር ለማለት ከሆነ 192.168.1.10 ብለው ይጻፉ።»

ይኸው አሮጌ ፋንክሽን ያልተሟላ አድራሻም ይቀበላል። 192.168.1 ብትሰጡት 192.168.0.1 አድርጎ ያነበዋል። ተጠቃሚው አንድ ቁጥር ረስቶ ሳለ ፕሮግራሙ በደስታ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ለእኔ ይህ ግልጽ ካልሆነ መልእክትም ይብሳል፤ ምክንያቱም ጭራሽ መልእክት የለም።

ጥሩ መልእክት ምን ምን ይይዛል?

የገባውን፣ ያልተስማማውን፣ የሚሠራውን። ለምሳሌ፦

«ያስገቡት አድራሻ፦
2001:4860:4860::8888
ይህ የአይፒቪ6 አድራሻ ነው፤ አጻጻፉም ልክ ነው። ይህ ፕሮግራም የሚቀበለው ግን አይፒቪ4 ብቻ ነው። እንደ 192.168.1.10 ያለ አድራሻ ያስገቡ። (ቁጥር 204)»

«አጻጻፉም ልክ ነው» የምትለዋን አትናቁ። ሰውየው እንደገና ከመጻፍ የሚድነው በእሷ ነው። የስህተት ቁጥሩ ደግሞ ለስልክ ነው። ከሊሙ ገነት የደወለ ሰው ያን ሁሉ ነጥብና ቁጥር በትክክል ያነብልኛል ብዬ አልጠብቅም። «204 ይላል» ካለኝ ግን ይበቃኛል። ቁጥሩን አንዴ ከሰጣችሁ በኋላ በአዲስ ቨርዥን አትለውጡት።

«ለጊዜው አይደገፍም» የሚለውንም በጥንቃቄ ተጠቀሙበት። ልትሠሩት ካላሰባችሁ ተስፋ አትስጡ። ሰው ሳምንት ሙሉ አፕዴት ይጠብቃል።

በየትኛው ቋንቋ እንጻፈው?

ጅማ ላይ ከሆናችሁ ቢያንስ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ። ሂርማታ ገበያ ያለ ነጋዴ የሚቀለው በአፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል፤ ካሸር አድርጎ የቀጠረው ልጅ ደግሞ በአማርኛ ይቀለዋል። ምርጫው የእነሱ ይሁን። የስህተት ቁጥሩ በሁሉም ቋንቋ አንድ ዓይነት ይሁን። ከዚያ እኔ በየትኛውም ቋንቋ ቢነበብልኝ አውቀዋለሁ።

ኮድ ላይ አንድ የተለመደ ችግር አለ። እንግሊዝኛውን ቆራርጣችሁ፣ መሀሉ ላይ አድራሻውን ሰክታችሁ፣ ቁርጥራጩን ትተረጉማላችሁ። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ የተቆራረጠው ሲገጣጠም የማይነበብ ይሆናል። ለተርጓሚው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስጡት፤ የአድራሻውን ቦታ እሱ ይምረጥ።

አድራሻውን ለብቻው መስመር ላይ አስቀምጡት። «192.168.1.10ን ማግኘት አልተቻለም» ብትሉ ሰው ኮፒ ሲያደርግ «ን»ም አብራ ትሄዳለች። አድራሻው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ከሆነ ደግሞ አራት ነጥቡ ይለጠፍበታል። ከላይ ያለው ምሳሌ አድራሻውን በራሱ መስመር ላይ ያደረገው ለዚህ ነው።

አንቱታውንም አትርሱ። ፕሮግራሙ ማን ፊት እንደሚከፈት አታውቁም። «ያስገቡት» በሉ፤ «ያስገባኸው» አትበሉ።

ፖርትና አይፒቪ6 አብረው ሲመጡስ?

በአይፒቪ4 ቀላል ነው፤ ከሁለት ነጥቡ በኋላ ያለው ፖርት ነው። በአይፒቪ6 ግን አድራሻው ራሱ በሁለት ነጥብ የተሞላ ነው። 2001:4860:4860::8888:554 ብሎ የጻፈ ሰው ካሜራው ያለበትን ፖርት 554 ማለቱ ሊሆን ይችላል። አጻጻፉ ግን በራሱ ሙሉ የአይፒቪ6 አድራሻ ሆኖ ይነበባል። መደበኛው መፍትሔ አድራሻውን በማዕዘን ቅንፍ ማጠር ነው፦ [2001:4860:4860::8888]:554። ቅንፍ ከሌለ «የመጨረሻው 554 የአድራሻው ክፍል ነው ወይስ ፖርት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቅንፉንም በምሳሌ አሳዩ።

ሬጌክስ (የጽሑፍን ቅርጽ የሚያመሳክር ቀመር) ጽፌ ባጣራውስ?

አትድከሙ። ለአይፒቪ6 ሙሉ በሙሉ ልክ የሆነ ሬጌክስ ረጅምና ለማንበብ የሚከብድ ነው። ላይብረሪ ተጠቀሙ። ሬጌክስ «አልገጠመም» ይላችኋል እንጂ ለምን እንዳልገጠመ አይነግራችሁም፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ለምኑን ነው።

ሳጥኑ 15 ፊደል ብቻ ቢቀበልስ?

ትልቁ የአይፒቪ4 አጻጻፍ 15 ፊደል ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ሳጥኑንም የዳታቤዝ ኮለሙንም በ15 ይገድበዋል። ረጅም የአይፒቪ6 አድራሻ ሲለጠፍ መሀሉ ላይ ይቆረጣል። ከዚያ ፕሮግራሙ ተጠቃሚው ያልጻፈውን ቁራጭ አንስቶ «ትክክል አይደለም» ይላል። የአይፒቪ6 አጻጻፍ እስከ 45 ፊደል ሊደርስ ይችላል። ባትደግፉትም እንኳ ሙሉውን ተቀበሉና ሙሉውን አሳይታችሁ መልሱ።

ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚሰጠውን ስህተት እንዳለ ላሳየው?

ለብቻው አይሆንም፤ ጨርሶ መደበቁም አይሆንም። ሊኑክስ ላይ ስህተት 97፣ ዊንዶውስ ላይ 10047 «የአድራሻ ቤተሰቡ አይደገፍም» የሚሉ ናቸው። ግን ማን ነው የማይደግፈው? ፕሮግራማችሁ አይፒቪ6 እየደገፈ ሳለ ኮምፒውተሩ ላይ አይፒቪ6 ተዘግቶ ከሆነም ይኸው ስህተት ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ መልእክቱ «ይህ ኮምፒውተር ላይ አይፒቪ6 ተዘግቷል» የሚል ይሁን። ሊኑክስ ላይ 101 ከመጣ ደግሞ አድራሻው ይደገፋል፤ መንገዱ ነው የጠፋው። እናንተ በሚገባ ቋንቋ አስረዱ፤ ዋናውን ቁጥር ከሥር በትንሹ አስቀምጡልን። ሎግ ላይ ደግሞ ሙሉው ይጻፍ።

የገባውን መልሶ ማሳየት ለደኅንነት አያሰጋም?

ሁለት ቦታ ላይ ያሰጋል። ድረ ገጽ ላይ ከሆነ የገባውን ጽሑፍ ሳታጣሩ መልሳችሁ አትልቀቁ፤ ሰው አድራሻ አስመስሎ ስክሪፕት ሊያስገባ ይችላል። ሁለተኛው የካሜራ ሊንክ ነው። ብዙ ጊዜ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ከአድራሻው በፊት ተጽፎበት ይመጣል። ስክሪን ላይም ሎግ ላይም የይለፍ ቃሉን በኮከብ ሸፍኑት። ሰው የስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቀዋል።

መቼ ነው ማጣራት ያለብን?

ሰውየው «አስቀምጥ» ሲል፣ እዚያው። አድራሻውን ዝም ብሎ ተቀብሎ ማታ ባክአፕ ሲጀምር የሚወድቅ ፕሮግራም አጋጥሞኛል። ማታ ደግሞ መልእክቱን የሚያነብ ሰው የለም። ከኮንፊግ ፋይል የሚነበብ ከሆነ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ጨምሩ። አድራሻ በበዛበት ፋይል «አንደኛው አይደገፍም» ማለት አይጠቅምም።

ይህ ሁሉ ከሚሆን አይፒቪ6ን መደገፍ አይቀልም?

ከቻላችሁ አዎ፣ ደግፉት። የዛሬ ላይብረሪዎች አብዛኛውን ሥራ ይሠሩላችኋል። ግን መልእክቱን ያን ቀን ድረስ አታቆዩት። መደገፍ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ መልእክቱን ማስተካከል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከደገፋችሁም በኋላ የማትቀበሉት ዓይነት አይጠፋም።

ከመልቀቃችን በፊት በምን እንፈትሽ?

እነዚህን አንድ በአንድ አስገቡ፦ 256.1.1.1፤ 192.168.1፤ 192.168.001.010፤ 192.168.1.10/24፤ 192.168.1.10:70000 (ፖርት ከ65535 አይበልጥም)፤ 192.168.1.10፡9100 በአማርኛው ሁለት ነጥብ፤ ::1፤ ።1፤ [::1]:8080፤ አንድ የማክ አድራሻ፤ ባዶ ሳጥን። ሁለት የተለያየ ችግር አንድ ዓይነት መልእክት ካመጣ እዚያ ላይ ሥራ ይቀራል።

ከዚያ ኮድ የማይጽፍ ሰው ፈልጉ። ጓደኛም ይሁን የሱቁ ካሸር። መልእክቱን በስልክ ያንብብላችሁ። እናንተ ስክሪኑን ሳታዩ ችግሩን ካወቃችሁት ልቀቁት።